ከአገር ስትወጡ ስልካችሁ እንዳይጠፋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ትኬቱ ተቆርጦ፣ የሻንጣው ኪሎ ተነግሮ፣ ፓስፖርቱ ከተመለሰ በኋላም ደንበኛው ከወንበሩ አይነሳም። «እና ስልኬስ?» ይላል። ዱባይ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄደው የመርካቶ ነጋዴ ይጠይቃታል። ልጇን ልታርስ ዋሽንግተን የምትሄደው እናት ትጠይቃታለች። ቤይሩት ለሥራ የምትሄደው ልጅም እንደዚሁ። ቆሜ ደጋግሜ ከምናገረው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሰው የሚጨነቀው እዚያ ሄዶ ስለሚገዛው ሲም ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እዚህ ያለው፣ በ251 የሚጀምረው ቁጥር ነው። ባንኩ በሱ ነው። ቴሌብሩ በሱ ነው። ቴሌግራሙ በሱ ነው። እናታችሁ በቃሏ የያዘችውም እሱኑ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ ይህን ቁጥር እንዴት በሕይወት እንደምታቆዩት አስቡ።

የአዲስ አበባ ሲሜ ውጭ አገር ይሠራል?

ሮሚንግ፣ ማለትም የኛው ሲም በሌላ አገር ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት፣ ከተከፈተለትና የእናንተ ድርጅት ከዚያ አገር ኔትወርክ ጋር ውል ካለው ይሠራል። ይህን የምታጣሩት ግን እዚህ ሆናችሁ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994፣ የሳፋሪኮም ከሆናችሁ 700 ደውሉ፤ ወይም በአካል ሂዱ። ሮሚንግ ተከፍቶልኛል ወይ? እዚያ አገር ውስጥ የትኛውን ኔትወርክ ነው የሚይዘው? ስልክ ሳነሳ በደቂቃ ስንት ነው? ዳታውስ? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳትን ጨምሩ፦ «ውጭ ሆኜ እናንተን በየትኛው ቁጥር ነው የማገኛችሁ?» 994 እና 700 አጭር ቁጥሮች ናቸው። ከኢስታንቡል ብትደውሉባቸው እናገኛለን ብላችሁ አትጠብቁ።

ይህን ከበረራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ጨርሱት። ቦሌ ሻንጣ እያስመዘናችሁ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ስታርፉ ስልኩ ኔትወርክ ካልያዘ አትደንግጡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ የሚለውን አጥፉትና የተነገራችሁን ኔትወርክ ራሳችሁ ምረጡ። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይፈታል።

ሮሚንግ ላይ እያለሁ ከአዲስ አበባ ሲደወልልኝ የሚከፍለው ማነው?

ሁለታችሁም። ግን እኩል አይደለም።

እናታችሁ 09 ብላ ስትደውል እናንተ ዱባይ ሁኑ ደብረ ዘይት አታውቅም። የሚቆጠርባት የአገር ውስጥ ሂሳብ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ ያለውን መንገድ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ያውም ስልኩን ስላነሳችሁ ብቻ። ይህን የማያውቅ ሰው «እኔ አልደወልኩ፣ ካርዴ የት ሄደ?» ብሎ ይጣላል።

ካላነሳችሁት በአብዛኛው አይቆጠርም። የጽሑፍ መልእክት መቀበልም በአብዛኛው ነፃ ነው። ለዚህ ነው ሚስኮልን የማልንቀው። እኔና እናቴ ውል አለን። እሷ ሰባራ ባቡር ነው የምትኖረው፤ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ቁጥሮቹ ተፍቀው 5 ላይ ያለችው ነጥብ ብቻ ቀርታለች። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደህና ነኝ፣ አስቤህ ነው» ማለት ነው። ሦስቴ ተከታትሎ ከጠራ ደውል ማለት ነው። ወጪ የለውም። ማታ ማታ ያቺ አንዷ ጥሪ ስትመጣ ደግሞ ደስታዋ ሌላ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ስልካችሁ ጥሪን ወደ ሌላ ቁጥር የሚያስተላልፍ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አጥፉት። ጥሪው ወደ እናንተ ሄዶ እንደገና ሲመለስ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ##002# ብላችሁ ብትደውሉ ማስተላለፉ በሙሉ ይሰረዛል።

ሮሚንግ ገንዘብ ይበላል ይባላል፤ ሲሙን ባወጣውስ?

አታውጡት! ገንዘብ የሚበላው ዳታው ነው።

በኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኢስታንቡል የሄድኩ ጊዜ አውሮፕላኑ እንዳረፈ ስልኬን ከፈትኩት። ዳታው በርቶ ነበር። ስልኩ ሳልነካው ፎቶዎቼን ወደ ላይ መጫን ጀመረ፤ አፖች ራሳቸውን ማደስ ጀመሩ፤ የቴሌግራም ግሩፖች ቪዲዮ ማውረድ ጀመሩ። ሻንጣዬ ገመዱ ላይ ብቅ ከማለቷ በፊት ካርዴ አለቀ። እኔም ተናድጄ ስልኩን ጭራሽ አጠፋሁት። ሁለት ቀን እናቴ ስትደውል የሰማችው «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ድምፅ ነው። ስመለስ ፊቷን ሳየው አፈርኩ። የጠፋው ብር አሁን ትዝም አይለኝ፤ ፊቷ ግን አልጠፋኝም።

ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ሮሚንግ» የሚል ለብቻው አለ። እሱን ብቻ አጥፉ። መስመሩ ይከፈት። ጥሪ ይገባል፣ መልእክት ይገባል፣ የባንክ ኮድ ይገባል። ኢንተርኔቱን ከዋይፋይ ወይም ከአገሩ ሲም ታገኛላችሁ።

እዚያ ሲም ልግዛ ወይስ ኢሲም ይሻለኛል?

ከሦስት አራት ቀን በላይ ከሆነ የአገሩን ሲም ግዙ። የብዙ አገር ሲም ፓስፖርት ይጠይቃል፤ ሳዑዲ ደግሞ አሻራ ያስነሳሉ። መንገድ ላይ «ያለ ምዝገባ» ተብሎ የሚሸጥ ሲም አትግዙ። በሌላ ሰው ስም የወጣ ነው። ባለቤቱ ባጠፋው ጥፋት እናንተ ትጠየቃላችሁ፣ ወይም ሳታስቡት ይዘጋል።

አውሮፓ የምትሄዱ ዕድለኞች ናችሁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአንዱ አገር ሲም በሌላው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። ሮም የገዛችሁት ፍራንክፈርትም ፓሪስም ያገለግላል። እንግሊዝና ስዊዘርላንድ ግን ኅብረቱ ውስጥ ስላልሆኑ ለብቻ ጠይቁ።

ኢሲም በካርድ ፋንታ ኮድ አንስታችሁ የምትጭኑት ሲም ነው። ትልቁ ጥቅሙ የአዲስ አበባው ሲም ከቦታው ሳይነሳ ጎን ለጎን መሥራቱ ነው። አዲስ አበባ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ጫኑት፤ ስታርፉ አብሩት። ብዙዎቹ የመንገደኛ ኢሲሞች ዳታ ብቻ መሆናቸውን አትርሱ፤ መደወያ ቁጥር የላቸውም።

ስልካችሁ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ጭንቀቱ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። በአንዱ የኛው፣ በሌላው የነሱ። አንድ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ግዙና የኢትዮጵያውን ሲም እዚያ ላይ ክተቱት። ባትሪው ቀናት ይቆያል። አሜሪካ ለምትሄዱት ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ስልኬ እዚያ አገር ይሠራል? ከአሜሪካ የተላከልኝስ?

ለአብዛኛው አገር ችግር የለም። አሜሪካ ግን ተጠንቀቁ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ዘግተውታል። ስልኩ በአራተኛው ትውልድ መስመር ድምፅ ማስተላለፍ ካልቻለ ኢንተርኔት ያለው ቢሆን እንኳ ጥሪ ላያስኬድ ይችላል። የእናቶቻችን ባለ ቁልፍ ስልክማ እዚያ ጌጥ ነው። እማማን የምትልኩ ልጆች፣ ስልክ አዘጋጅታችሁ ጠብቋቸው።

ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ደግሞ ሁለት ነገር ይታይለት። አንደኛ፣ ከአንድ ድርጅት ጋር የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። እዚሁ በሌላ ሰው ሲም ሞክሩት። ሁለተኛ፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ እዚያ የተሸጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም። ባለፈው አንድ ወጣት የአይፎኑን ጎን በጥፍሩ እየዳሰሰ «ቀዳዳው የቱ ጋ ነው?» ይለኛል። ቀዳዳ የለውም፤ ኢሲም ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስልክ የምትሄዱበት አገር ሱቅ ኢሲም ይሸጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሲም ስቀይር ዋትስአፕና ቴሌግራሜ ይጠፋል?

አይጠፋም። ሁለቱም የተመዘገቡት በቁጥሩ እንጂ ስልኩ ውስጥ ባለው ሲም አይደለም። ሲም ቀይራችሁ አፑ «ቁጥርዎን ይቀይሩ?» ካላችሁ እምቢ በሉ። በድሮው ቁጥር ይቀጥላል።

አደጋው የሚመጣው ስልኩ ሲጠፋ ወይም አፑን አጥፍታችሁ ስትጭኑት ነው። ያኔ ኮድ ወደ 251ቱ ቁጥር ይላካል። ሲሙ እጃችሁ ላይ ከሌለ በር ላይ ቀራችሁ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቴሌግራማችሁን በሌላ ዕቃ ላይም ክፈቱት፤ ላፕቶፕም ይሁን ታብሌት። ሌላ ቦታ ክፍት ከሆነ ኮዱ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ሊመጣላችሁ ይችላል። በሁለቱም አፖች ላይ ሁለተኛውን የይለፍ ቁጥርም አብሩ።

ኮዱን ለማንም አትስጡ። «በስህተት ወዳንተ ተላከ፣ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከጓደኛ ስም ቢመጣ እንኳ አትስጡ። የጓደኛችሁ አካውንት ተወስዶ ሊሆን ይችላል። ውጭ ያለ ሰው ሲጠለፍ ሌባው «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» እያለ ዘመድ ይለምንበታል። ሰውም ያዝናል፣ ይልካል።

ዱባይ በዋትስአፕ አይደወልም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ ይሄዳል፣ ቮይስ ይሄዳል። ቀጥታ ጥሪው ነው የሚታገደው። እዚያ የሚፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ ያላቸው አፖች ናቸው። ቤተሰባችሁም ያንኑ አፕ መጫን ስላለበት ሳትሄዱ አብራችሁ ሞክሩት። የዱባይ ነጋዴዎቻችን ግን አብዛኛውን ነገር በቮይስ ነው የሚጨርሱት።

ቻይና ደግሞ ይብሳል። ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ የጉግል አገልግሎቶች ሁሉ ተዘግተዋል። ጓንጁ የምትሄዱ ዊቻትን፣ የቻይናዎቹን የመልእክት አፕ፣ እዚሁ ክፈቱ፤ ቤት ውስጥም ቢያንስ አንድ ሰው ይክፈት።

ባንክና ቴሌብርስ?

የሞባይል ባንክ አፑን እዚሁ ጭናችሁ፣ ገብታችሁ፣ አንድ ትንሽ ብር አስተላልፋችሁ ሞክሩት። እዚያ ሄጄ እጭነዋለሁ አትበሉ። ብዙዎቹ አፖች ከስልኩና ከቁጥሩ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ስልክ ስትቀይሩ ወደ ቅርንጫፍ ኑ ይላሉ።

ሲሙን ለእህት ወይም ለወንድም ትቶ የሚሄድ ብዙ ነው። «ኮድ ሲመጣ ንገሪኝ» ብሎ። አልወደውም። እህታችሁን ስለማላምን አይደለም። ስልኳ ታክሲ ውስጥ ቢወሰድባት ባንካችሁም አብሮ ይሄዳል። ይዛችሁት ሂዱ።

ብዙ ዓመት ብቆይ ቁጥሬ ይዘጋል?

አዎ። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ይዘጋና ለሌላ ሰው ይሸጣል። አንዲት ደንበኛችን ከብዙ ዓመት በኋላ ከቤይሩት ስትመለስ የድሮ ቁጥሯን ደወለችበት። የማታውቀው ሰው «አቤት» አላት። «የኔ ቁጥር እኮ ነው!» አለችው። እሱ ምን ያድርግ? ገዝቶ ነው። ያሳዘነኝ ቁጥሩ አይደለም። አንድ የሰፈሯ አሮጊት በዚያ ቁጥር ሲፈልጓት ኖረው «ልጅቷ ተለወጠች» ብለው ተቀይመዋት ቆዩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ስንት ወር ሳይሠራበት ሲቀር እንደሚዘጋ ጠይቁ። ካርድ መሙላት ብቻውን ይበቃል ብላችሁ አትተማመኑ። በየወሩ ከዚያው ሲም አንድ የጽሑፍ መልእክት ላኩ። አንዲት ልጅ በየወሩ በ21፣ በማርያም ቀን፣ ለእናቷ «እንኳን አደረሰሽ» ብላ ትልካለች። ቀኑን አትረሳውም፣ ቁጥሯም አይዘጋም።

ሲሙ በማን ስም እንደወጣም አረጋግጡ። በወንድማችሁ ስም ከሆነ እሱ ሳይገኝ ማስመለስ አትችሉም።

ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር ነው የምሄደው፤ ስልኬን ቢቀሙኝስ?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቂኝም እመልስልሻለሁ። ይደርሳል። አሠሪዎች ስልክ የሚይዙበት ጊዜ አለ።

ሁለት ቁጥር በቃልሽ ያዢ። የቤተሰብሽን አንድ፣ ቶሎ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ሌላ። በ09 አይደለም፣ በሙሉ ቁጥሩ። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትጠሪው ድረስ። ከዚያ በወረቀት ጽፈሽ ሁለት ቦታ አድርጊ፤ አንዱን ጸሎት መጽሐፍሽ ውስጥ፣ አንዱን ልብስሽ ስፌት ውስጥ።

የኮንትራትሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ፣ የአሠሪሽንና የኤጀንሲውን ስልክ ለእህትሽ ላኪላት። ቀን ቁረጡ፤ ለምሳሌ እሑድ እሑድ። ሁለት እሑድ ድምፅሽ ካልተሰማ እህትሽ ኤጀንሲው ዘንድ ትሂድ። «እየጠበቅን ነው» እያሉ ወር ማሳለፍ የለም። ሰው ፊትሽ ቆሞ እየሰማሽ ከሆነም የምትናገሪያት ቃል ይኑራችሁ። «የአክስቴ ላም ወለደች ወይ?» ብትያት እህትሽ ችግር እንዳለ ትረዳ።

ኢትዮጵያ ቤይሩት፣ ዱባይና ጅዳ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አላት። የምትሄጂበትን ከተማ ቁጥር ሳትሄጂ ፈልገሽ እዚያው ወረቀት ላይ ጻፊው። የዱባይ ፖሊስ 999፣ የሊባኖስ ፖሊስ 112 ነው።

ከውጭ ወደ አገር ቤት ቁጥሩን እንዴት ነው የምጽፈው?

መደመር፣ 251፣ ከዚያ ዜሮውን ጥላችሁ በ9 ወይም በ7 ቀጥሉ። መደመሯ 0ን ተጭናችሁ ስትቆዩ ትመጣለች። በመደመሯ ፋንታ ከብዙ አገር 00፣ ከአሜሪካ ግን 011 ነው። ስልካችሁ ላይ ያሉትን ስሞች ሁሉ አሁኑኑ በዚህ መልክ አስተካክሉ። በ09 የተቀመጠ ቁጥር በሪያድ ሲም አይደወልም።

ስንት ሰዓት ላይ ልደውል?

ዱባይ ከኛ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ሪያድና ናይሮቢ ከኛ እኩል ናቸው። ቻይና በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን በብርድ ወራት 8 ሰዓት፣ በሙቀት ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

የሚያጣላው ግን አቆጣጠሩ ነው። እናት «ማታ በ2 ደውል» ትላለች። ልጅ እዚያ ኖሮ ኖሮ የነሱን 2 ይሰማል። እሷ ስልኩን ታቅፋ ትጠብቃለች፤ እሱ ሌሊት ሰው ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። «በኛ ሰዓት» ወይም «በናንተ ሰዓት» ተባባሉ።

ፓወር ባንክ ሻንጣ ውስጥ ይገባል?

በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። የተለመደው 20,000 mAh የሚባለው ከተፈቀደው በታች ስለሆነ ችግር የለበትም። ሶኬት ደግሞ ዱባይ፣ ናይሮቢና ለንደን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ የኛ ክብ እግር አይገባበትም። አስማሚዋን እዚሁ ግዙ። መጀመሪያው ሌሊት ላይ ባትሪ ጨርሶ ቤተሰብ የሚያስጨንቅ ብዙ ሰው አለ።

ከማላውቀው የውጭ ቁጥር ሚስኮል መጣብኝ፤ ልመልስ?

የምትጠብቁት ሰው ከሌለ ተዉት። መልሳችሁ ስትደውሉ ውድ ሂሳብ የሚያስቆጥር የማጭበርበሪያ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የሚፈልጋችሁ ሰው ይጽፋል።

እናቴ ስማርት ስልክ የላትም። ምን ላዘጋጅላት?

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ልጆች ለእናታቸው ስማርት ስልክ ገዝተው ሰጥተው ይሄዳሉ። እሷም ሰዓሊተ ምሕረት የሰጠቻት ይመስል በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። ባለ ቁልፏ ትቆይላት። የእናንተን አዲሱን ቁጥር ራሳችሁ መዝግቡላትና ከላይ እንዲመጣ አድርጉ። የውጭ ቁጥር ሲደወልላት ረጅም ስለሆነ ደንግጣ የማታነሳ እናት አለች፤ «በዚህ የሚጀምር ከሆነ እኔ ነኝ» ብላችሁ አሳዩአት። ለዱባይ 971፣ ለሳዑዲ 966፣ ለሊባኖስ 961 ነው።

ከጎረቤት አንድ ቴሌግራም ያለው ልጅ ምረጡ። ቁጥሩን ያዙ። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ይዞላት እንዲገባ፣ ፊታችሁን እንድታይ። ለካርዱ ላኩለት፤ ልጅ ነው፣ ዳታ በነፃ አይመጣለትም።

ከዚያ በትልቁ ወረቀት ላይ ጻፉ። የእናንተ አዲስ ቁጥር፣ የጎረቤቱ ልጅ ቁጥር፣ የምትደውሉበት ቀንና በኛ አቆጣጠር ሰዓቱ። ቡፌው መስታወት ላይ፣ በዓይኗ ቁመት ለጥፉት። በእርሳስ አትጻፉት፣ ይለቃል። በወፍራም ስክሪፕቶ፣ ቁጥሮቹን አራርቃችሁ።